ውጣ ያልኩት ጎመን

እኔ በተወለድኩበት በሰሜን ሸዋ ጎመን ክብር የለውም። ክረምት ገብቶ ጎተራው ሲራቆት ሐምሌንና ነሐሴን የሚያሻግረን እሱ ነው፤ ውለታውን የሚቆጥርለት ግን የለም። ዘመን ሲለወጥ ችቦ ተለኩሶ "የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!" እየተባለ ይባረራል። እናቴ ደግሞ በጩኸት ብቻ የምትመለስ ሴት አልነበረችም፤ ጎመን ሲቀቀልበት የከረመውን ምንቸት ደጅ ታወጣና ድንጋይ ላይ ትፈጠፍጠዋለች። ስብርባሪው ሲበተን ልባችን ይረካል፤ ረኀብን ራሱን ቀጥቅጠን ያባረርነው ይመስለናል። አግብቼ ኮልፌ ስገባ ይህን ልማድ ከልብስ ሻንጣዬ ጋር ይዤው መጣሁ።

የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ነበር፤ ያኔ ማብቂያ መሆኑን ግን ማንም አልነገረንም። ባለቤቴ የጉራጌ ልጅ ነው፣ በጅማ መንገድ ካሚዮን የሚነዳ ሹፌር። በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድርበት ቀን መንገድ ላይ ከሚያድርበት ያንሳል። ቤታችን ሁለት ክፍልና አንዲት ጭስ የጠገበች ማድ ቤት ነበረች። ከጓሯችን ወዲያ ከተማው ያልቅና በቀራንዮ በኩል የገብስ ማሳ ይጀምራል። እዚያች ጓሮ ላይ ጎመን ተክያለሁ። የተከልኩት ለራሴ ነው፤ ባለቤቴ በሌለ ቀን ብቻዬን የምበላው። ለእንግዳ ጎመን ማቅረብ ለእኔ የተቀደደ ቀሚስ ለብሶ በር ከመክፈት አይሻልም ነበር።

በነሐሴ አጋማሽ ባለቤቴ እናቱን ከአገር ይዟቸው መጣ። ከመኪናው ደግፈን ስናወርዳቸው ክብደት የላቸውም፤ ነጠላውን ብቻ ያቀፍኩ መሰለኝ። ሆዳቸውን ከታመሙ ቆይተዋል። ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ ሐኪሙ መረመራቸው፣ መድኃኒት አዘዘላቸው፣ ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠራኝና "መድኃኒቱ ብቻውን አያድናቸውም፤ መብላት አለባቸው" አለኝ። "ካልበሉ ይህ ሰውነት አይቆምም። በርበሬ አይቅመሱ። ለስለስ ያለ ነገር፣ ሾርባ፣ ቅጠላ ቅጠል ስጫቸው።" ባለቤቴ ብዙ ሊቆይ አልቻለም፤ ጭነት ይጠብቀዋል። ሲሄድ በር ላይ ቆመና "እናቴን አደራ" አለኝ። አደራ ከተባለ በኋላ ምን ይጨመራል?

ሐኪሙ ቅጠላ ቅጠል ሲለኝ ልቤ በቀጥታ የሄደው ወደ አትክልት ተራ ነው። የተማረ ሰው ያዘዘው ቅጠል ከእኔ ጓሮ ይገኛል ብዬ እንዴት ላስብ? በዝናብ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ቆስጣ ገዛሁ፣ ካሮት ገዛሁ፣ ስሙን እንኳን በቅጡ የማላውቀውን ቅጠል ሁሉ ገዛሁ። ፌርማታው ላይ ስወርድ ዘንቢሌ የፈረንጅ ቤት ሠራተኛ አስመስሎኛል፤ እኔ ግን ኮራሁ። ጎረቤት ሁሉ ለአማቷ ምን እንደምታደርግ ይይ አልኩ።

እጄ በወጥ አይታማም። ካሮቱንና ድንቹን በአጥንት መረቅ ቀቅዬ እስኪላላ አሸሁት። አጃ ፈጭቼ አጥሚት አፈላሁ። ዱባ የሚደርስበት ጊዜ ስለነበር ዱባውን በነጭ ሽንኩርትና በእርድ አልጫ አድርጌ ፈርኔሎው ላይ ቀስ ብሎ እንዲበስል ተውኩት፤ ሽታው ብቻ ያጠግባል። የበቆሎ እሸት ፈልፍዬ ከወተት ጋር እንደ ገንፎ አገነፋሁ። ይህን ሁሉ በንጹሕ ሳሕን አድርጌ፣ አጠገባቸው ተንበርክኬ አቀርባለሁ። አማቴ ሁለት ጊዜ ይቀምሱና ሳሕኑን በጣታቸው ወደ እኔ ገፋ ያደርጉታል።

"ጠገብኩ፣ የልጄ ሚስት። እጅሽ ይባረክ።"

እጄን መባረኩን ትተው ቢበሉልኝ! አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም እንጂ በልቤ ስንቱን አልኩ። ግልፍተኛ ነኝ፤ ዛሬም አልተወኝም። የተረፈውን ይዤ ማድ ቤት እገባና ቆሜ በንዴት እበላዋለሁ። እሳቸው እየከሱ እኔ ወፈርኩ። ቀሚሴ ወገቤ ላይ ጠበበኝ፤ የአስታማሚ ውፍረት ደግሞ ሰው ፊት የሚያሳፍር ነገር ነው።

በየማለዳው ከቀራንዮ ወተት የምታመጣልን የእኔ እኩያ የኦሮሞ ሴት ነበረች። ወተቱን ቀድታልኝ አትሄድም፤ አማቴ አልጋ አጠገብ ትቀመጣለች። "ሃርሜ" ትላቸዋለች፣ በቋንቋዋ እናቴ እንደማለት ነው። አንዷ ኦሮምኛ፣ አንዷ ጉራጌኛ፣ መሐላቸው የተሰባበረ አማርኛ፤ ሆኖም ሲስቁ ማድ ቤት ድረስ ይሰማኛል። አማርኛዬ ያልተሰበረው እኔ ግን አንድ ቀን እንኳን አላሳቅኳቸውም። ቀናሁባት፣ ምን እደብቃለሁ።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ደረሰ። ባለቤቴ ባይኖርም ልማድ ልማድ ነው፤ አመሻሹ ላይ ችቦ ለኮስኩ። አማቴን ደግፌ በረንዳው ላይ አስቀመጥኳቸውና ጋቢ ደረብኩላቸው። ያን ዓመት አሳምሬ የጮህኩት ለእሳቸው ስል ነው፤ ክረምቱም በሽታውም አንድ ላይ ጠራርጎ ይውጣ ብዬ። "የጎመን ምንቸት ውጣ! የገንፎ ምንቸት ግባ!" እያልኩ ክፍሎቹን ዞርኩ፣ አልጋቸው ዙሪያ ደግሞ ሁለቴ። ከዚያ ጎመን የምቀቅልበትን ምንቸት ከፍ አድርጌ ደጃፍ ያለው ድንጋይ ላይ ፈጠፈጥኩት። የጎረቤት ልጆች አጨበጨቡልኝ። ተደስተው እንደሆነ ለማየት ዞር ስል አማቴ ፊታቸውን በጋቢው ሸፍነዋል። የችቦው ጭስ ይሆናል ብዬ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው።

ግማሽ ሥራ አልወድም። በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነውና ሥራ አይሠራም፤ በሁለተኛው ቀን ግን ጓሮ ወርጄ ጎመኑን አንድ ሳላስቀር ከነሥሩ ነቀልኩና አጥሩ ሥር ካለው የቆሻሻ ክምር ላይ ጣልኩት። በቦታው የካሮት ዘር ዘራሁ። አማቴ በመስኮት ሲያዩኝ ነበር። እጄን አወዛወዝኩላቸው። እሳቸው አላወዛወዙልኝም።

ከዚያ ወዲህ ይቀምሱት የነበረውንም ተዉት። ውሃና ትንሽ ወተት ብቻ። ምን ላድርግልዎ ስላቸው አንድ መልስ ብቻ ነበራቸው፤ "አገሬ ውሰዱኝ። ለመስቀል በቁሜ ካልገባሁ ሬሳዬ ይግባ።"

መስቀል ለጉራጌ ምን እንደሆነ ኮልፌ የኖረ ያውቀዋል። ሱቁ አንድ በአንድ ይዘጋል። የሚስማር ነጋዴው፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሁሉም ሚስቱንና ልጁን ይዞ፣ ጭነቱን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ቆልሎ ወደ አገሩ ይነጉዳል። ክላክሱ ከመንገድ በተሰማ ቁጥር አማቴ ዓይናቸውን ይከፍታሉ፤ ድምፁ ሲርቅ መልሰው ይከድኑታል። ባለቤቴ ደግሞ በጅማ መንገድ ወንዝ ሞልቶ ድልድዩን ስለጎዳው ወዲያ ማዶ መቅረቱን በሌላ ሹፌር ልኮብኝ ነበር። ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነገርኩት፤ እሱም ያንኑ ደገመልኝ፣ መብላት አለባቸው አለ። ፈራሁ። የፈራሁት ሞታቸውን ብቻ አይደለም፤ ባለቤቴ ካሚዮኑን አቁሞ ሲገባ ከባዶ አልጋ ፊት ቆሜ የምለውን ነበር።

መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከገበያ ስመለስ አልጋው ባዶ ነበር።

ዘንቢሉ ከእጄ ወደቀ። ማድ ቤት የሉም፤ በረንዳ የሉም። "እማማ! እማማ!" እያልኩ ጓሮ ስደርስ አማቴ አጥሩ ሥር ቁጭ ብለዋል። ያ ራሱን ችሎ መቆም ያቃተው ሰውነት ግድግዳ ተደግፎ ይሁን አጥር ይዞ፣ እንዴት እዚያ እንደደረሰ እስከዛሬ አላውቅም። ከቆሻሻው ክምር ላይ አንድ ነገር እየቀጠፉ ጭናቸው ላይ ባነጠፉት ነጠላ ያስቀምጣሉ። ቀረብ ብዬ አየሁ። የጣልኩት ጎመን ነው። በመስከረም ዝናብና ፀሐይ፣ ሥሩ የበሰበሰውን ጥራጊ ይዞ፣ ከእያንዳንዱ ግንድ ላይ አዲስ ቀንበጥ አውጥቷል።

"ምነው እማማ! ሰው ቢያየን ምን ይላል?"

ቀና ብለው አዩኝ። "ምን ይላል? ጎመን ትለቅማለች ይላል።"

"አማቷን ከቆሻሻ ላይ ጎመን አስለቀመች ነው የሚለው!"

"የጣልሽውስ አንቺ አይደለሽም?" አሉኝ። ቁጣ የለበትም፤ የታከተው ሰው ድምፅ ነው። አንዱን ቀንበጥ በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው አሳዩኝ። "እሱ ግን እንቢ ብሏል። እይው።"

ከዚያ እያረፉ፣ እየተነፈሱ ነገሩኝ። በእሳቸው አገር በመስቀል በሬ ይታረዳል፤ ከበሬው በፊት ግን የሴቶቹ ቀን አለ። ያን ቀን ጎመን ደቅቆ ይከተፋል፣ ከአይብና ከቅቤ ጋር ይዋሐዳል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ በቆጮ ይበላዋል። "እናቴም አያቴም መስቀልን ወደ ቤት ያስገቡት በጎመን ነው" አሉ። "ጎመን ካልቀደመው መስቀል አይገባም። አንቺ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ውጣ ብለሽ ሰበርሽው። ደግሞ ከሥሩ ነቀልሽው። እግዜር በልጄ ሚስት አፍ፣ ዘንድሮ መስቀልን አታዪም አለኝ ብዬ ተቀበልኩ። ከዚያ ወዲያ ለምን ልብላ?"

እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ሁሉ ቆስጣ፣ ያን ሁሉ የአውቶቡስ መንገድ አስታወስኩና ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። "እኔ እኮ ለክብርዎ ብዬ ነው" አልኳቸው። "እኛ አገር ጎመን ለሚያከብሩት ሰው አይቀርብም።"

"ታዲያ ለማን ነው የሚቀርበው?"

"ለራስ ነው። ቤተኛ ብቻ ሲኮን የሚበላ ነው።"

አማቴ አዩኝና "እኔ ቤተኛ አይደለሁም እንዴ?" አሉኝ።

ነጠላቸውን ከነጎመኑ ተቀብዬ፣ አቅፌ አስነሳኋቸው። ወደ አልጋቸው ስወስዳቸው በእጃቸው ማድ ቤቱን አመለከቱኝ። በርጩማው ላይ አስቀመጥኳቸው።

ቀንበጡ ለአንድ እፍኝ ቢሆን ነው። በማግስቱ ለወተቷ ሴት ነገሩን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ። ከሳቋ በኋላ ግን ወተቷን እኔው ጋ ጥላ ወደ ቀራንዮ ተመለሰች፤ ቆይታ በአንድ እጇ ከማሳዋ የቀጠፈችውን የጎመን እስር፣ በሌላው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ አይብ ይዛ መጣች። እኔም ካልተዘጉት ጥቂት ሱቆች ቆጮ ፍለጋ ኮልፌ ገበያን አሰስኩ። የመጨረሻዋን ሻጭ ያገኘኋት ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ መኪና ልትሄድ ስትል ነው። ለማን እንደሆነ ስነግራት ለመንገድ ከያዘችው ቀንሳ ሰጠችኝና "አደራ፣ አታድርቂው" አለችኝ። ያ ሰሞን አደራ የማይሰጠኝ ሰው አልነበረም።

አማቴ በርጩማቸው ላይ ሆነው አዘዙኝ። ጎመኑን አገንፍዬ አወጣሁ፣ ውሃው ጠብ እስከማይል ጨመቅኩ፣ መክተፍ ጀመርኩ። ጥሩ አድርጌ የከተፍኩ መስሎኝ አሳየኋቸው።

"ይሄ ለላም ነው" አሉ።

ደግሜ ከተፍኩ።

"አሁን ደግሞ ለጥጃ።"

የወተቷ ሴት ሳቀች። እኔ ግን ንዴቴ መጣ፤ ቢላውን መክተፊያው ላይ አሳረፍኩና "እንግዲያው ያሳዩኝ!" አልኳቸው። ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ። እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ። ቢላውን ሰጠኋቸው። ያ እጅ ማንኪያ ሲይዝ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቢላው ላይ ሲሆን ግን ልማዱን ያውቃል። ቢላው ከእንጨቱ ብዙም ሳይነሳ ወዲህና ወዲያ ሲል ጎመኑ እንደ ዱቄት ላመ። ትንሽ ከትፈው ደከማቸውና መለሱልኝ፤ የቀረውን እኔ እንዳየሁት አደረግኩ። ለጋ ቅቤ በኮሰረትና በኮረሪማ አንጥሬ፣ ስለ ሆዳቸው ብዬ ጥቂት ብቻ ጠብ አደረግኩበት። ሚጥሚጣ የለም። አይቡን ከላይ ፈረፈርኩበት።

ሦስታችን ማድ ቤቱ ውስጥ ከአንድ ጣባ በላን። አማቴ በቆጮ ቆረስ አድርገው ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ መጉረሴን ትቼ ጉሮሯቸውን አያለሁ። ዋጡ። ደግመው ጎረሱ። አሁን ሳሕኑን ወደ እኔ ይገፉታል፣ አሁን "ጠገብኩ" ይላሉ እያልኩ ስጠብቅ ጣባው ባዶ ሆነ። አማቴ ባዶውን ጣባ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"የለም እንዴ?" አሉ። "ጨምሪልኝ እንጂ።"

ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ልጆቼን ስወልድ ነው መልሼ ያገኘሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው የደህና ሰው ታሪክ ነው። ከጎመኑ ቀጥሎ ዱባውም ተበላ፣ አጥሚቱም ተጠጣ፣ ሌላው ቀርቶ ያ የተናቀው ቆስጣ እንኳን እንደ ጎመን ተከትፎ ሲቀርብ "ይሄም ዘመዱ ነው" ተባለለት። ሐኪሙ ጋ በእግራቸው ገቡ። መዘናቸውና ምን እንዳበላኋቸው ጠየቀኝ። ጎመን አልኩት፣ አንገቴን ደፍቼ። "ታዲያ ቅጠላ ቅጠል ብዬሽ አልነበር?" ብሎ ሳቀብኝ። ጎመን በጤና እያልን ስንተርት ኖረን፣ ተረቱን ልብ ብዬ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ባለቤቴ በጥቅምት ብርድ ደረሰ። ለጥቅምት አንድ አጥንት ይባላልና ካሚዮኑ ውስጥ የበሬ ቅልጥም ጭኖ ነበር። በሩን ሲከፍት እናቱ ፈርኔሎው አጠገብ ተቀምጠው ለእኔ የባቄላ እሸት ይፈለፍላሉ። አጥንቱን እንደተሸከመ ቆሞ ቀረ። ዞር ብሎ ዓይኑን በእጅጌው ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ቅልጥሙ ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ ዋለ፤ በመረቁ ድንችና ካሮት ሠራሁበት፣ ቤቱ ሞቀ፣ መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። አማቴ መረቁን ጠጡና አጥንቱን ለልጃቸው ሰጡ። ለራሳቸው ጎመን አስጨመሩ።

በታኅሣሥ ለአጨዳው አገራቸው ገቡ። ጓሮዬን እንደገና ጎመን ተከልኩበት፤ ካሮቱ ከመሐሉ ቦታ አገኘ። ገበያ ወርጄ አዲስ ምንቸት ገዛሁ።

በሚቀጥለው ጳጉሜ ተመልሰው መጡ፤ መታመም የለም፣ እኛን ለመስቀል አገር ይዘውን ሊገቡ ነው። ዋዜማው ሲመሽ ባለቤቴ ችቦውን ለኮሰ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ጎመን የቀቀልኩበትን ምንቸት ይዤ መሐል ቤት ቆሜ ቀረሁ። ውጣ እንዳልል አማቴ ፊቴ አሉ። ግባ እንዳልል የእናቴ ልማድ አለ። ልጆቹ ደጅ ሆነው የምንቸቱን መሰበር ይጠብቃሉ።

አማቴ ሁኔታዬን አዩና ከወንበራቸው ተነሡ። ማንም አልደገፋቸውም።

"እናትሽ እንዳስተማረችሽ አስወጪው፣ ልጄ" አሉኝ። "እኔ ደጅ ቆሜ እቀበለዋለሁ።"

ጮህኩ። "የጎመን ምንቸት ውጣ! የገንፎ ምንቸት ግባ!" እያልኩ ቤቱን ዞሬ ደጃፉ ላይ ስደርስ ሁለት እጆች ተዘርግተው ጠበቁኝ። ምንቸቱን ተቀበሉኝ፣ ደረታቸው ላይ አቀፉት፣ ቤቱን በውጭ ዞሩና በጓሮ በር ይዘውት ገቡ።